በሟች ፈንታ የሚቆመው ወልደአረጋይ

ወልደአረጋይ ለሚ ላይ የተለቀሰውን ለቅሶ የሰማው ከመርዶ ነጋሪ አይደለም፤ ከጌሾ ሻጭ ነው። ጎረቤላ ገበያ ላይ ጨው ሊገዛ ጎንበስ ባለበት፣ ከጀርባው ሁለት ጌሾ ሻጮች ያወራሉ።

«ፈረሱስ ፈረስ ነው፤ ያስለቅሳል» አለች አንደኛዋ። «የቆመው ልጅ ግን ምኑም አንጀት አይበላ። ጋሻውን እኮ እንደ ሰፌድ ነው የያዘው።»

«ማነው እሱ?»

«ከደነባ የመጣ ነው አሉ። አበባው የሚሉት።»

ወልደአረጋይ ያነሣውን ጨው መልሶ አስቀመጠ። ነጋዴው «ምነው፣ አነሰህ?» ሲለው እሱ መንገድ ጀምሯል። ፊቱ ጠቁሮ የአንኮበርን ዳገት ሳያርፍ ወጣው።

እንዲህ ያናደደው ለምን እንደሆነ ለማወቅ የሰውየውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የነዚያ መንደሮች ባላባት አብዛኛው የሚሞተው ከቤቱ ርቆ ነበር። ዘምቶ ይሄዳል፤ በንዳድ ወይም በጦር ይወድቃል፤ ጓደኞቹ እዚያው ይቀብሩታል። ለቤቱ የሚደርሰው መርዶ ብቻ ነው። ሬሳ የለም ተብሎ ግን ለቅሶ አይቀርም። ድንኳን ይተከላል፤ ፈረሱ በብር ጌጡ ተሸልሞ ይመጣል፤ በአልቃሹ መካከል አንድ ሰው የሟቹን የክት ልብስ ለብሶ፣ የአንበሳ ጎፈሩን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ጋሻና ጦሩን ይዞ ይቆማል። አይናገርም፣ አያለቅስም፣ አይቀመጥም። እናትም ሚስትም አሽከርም እሱን እያዩ ያለቅሳሉ። ለአንኮበርና ለዙሪያዋ ያ የሚቆመው ሰው ወልደአረጋይ ነበር።

ሙያው ስፌት ነው። በንጉሡ ግቢ ለምድ፣ ያን የሹማምንት የክብር ካባ፣ ከሚሰፉት ጋር አድጎ፣ ከነሱ ጋር ጎልምሷል። እግዜር ደግሞ ቁመት፣ ሰፊ ትከሻና ዝም ሲል የሚከብድ ፊት ሰጠው። ታዲያ የሟች ልብስ በልኩ ሆኖ አይመጣለትም፤ አንዱ ወፍራም ነበር፣ ሌላው ቀጭን፣ ሌላው ድንክ። ወልደአረጋይ በዋዜማው ሄዶ የሰፋውን ይጠልፋል፣ የጠበበውን ይተረትራል፣ የጋሻውን ማንገቻ በክንዱ ልክ ያሳጥራል። ቀጥሎ ቤተሰቡን ይጠይቃል፤ ጦሩን በየትኛው እጁ ይይዝ ነበር፣ ሲቆጣ አገጩን ያነሣ ነበር ወይስ ይደፋ። ከልብሱ ሁሉ የማይገኘው ድግ ብቻ ነው። ያን ወገብ ላይ የሚጠመጠመውን ረጅም መቀነት ዘማች ታጥቆት ይሄዳል፣ ታጥቆትም ይቀበራል። ያለ ድግ ደግሞ ጎራዴ ይንሸራተታል፤ ለምድም በወጉ አያርፍም። ስለዚህ ወልደአረጋይ የራሱን ድግ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ካቻምና ከአንድ ለቅሶ ቤት የድካም ዋጋ ብለው የሰጡትን፣ ወፍራም፣ እጥፉ የማይላላ ድግ። የዚህ ሥራ ዋጋ ብዙ ጊዜ ልብስ ነው፤ ልብስ ለብሶ ይሠራል፣ በልብስ ይከፈለዋል።

ሥራው የሚመጣው በቦሰና በኩል ነው። ቦሰና ሙሾ አውራጅ ናት። መርዶ የደረሰው ቤት ሁሉ ወደሷ ይልካል፤ እሷም ተቀባይ ሴቶቿን፣ መለከት ነፊውን፣ ፈረስ ሳቢውንና የሚቆመውን ሰው መድባ ትወስዳለች። ያልተመደበ ደጇን ይጠናል። ወልደአረጋይ ደጅ ጠንቶ አያውቅም ነበር፤ ሲፈለግ ይላክበታል። ንጉሡ አንኮበርን ትቶ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ የለምድ ሰፊዎቹ አለቃ «ጓዝህን ጫን» ቢለው «እናንተ ተቀምጣችሁ ብሉ፤ እኔ ቆሜ እበላለሁ» ብሎ የቀረ ሰው ነው። ይህን ቃሉን ያልሰማ የአንኮበር ሰው የለም። ከመስቀል ወዲህ ግን ማንም አልላከበትም። አሁን ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው።

ቦሰናን ያገኛት ጉሮሮዋን በተልባ እያለሰለሰች ነው። ተቀባዮቿ ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ጥጥ ይባዝታሉ።

«ደህና ዋሉ፣ እትዬ ቦሰና።»

«ደህና ዋል። ግባ እንጂ፣ ቁመትህ ብርሃኑን ጋረደብን። ተቀመጥ።»

«ቆሜ ነው እንጀራዬን የምበላው። ቆሜ እሰማለሁ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ቦሰና ተልባዋን አስቀመጠች።

«የለሚውን ሰምተህ ነው።»

«ከጌሾ ሻጭ።»

«ምን ላድርግህ፣ ወልዴ? ቀን ጎደለ። ጌቶቹ ሁሉ እንጦጦ ወጡ፤ ሲሞቱም እዚያው ይለቀስላቸዋል። እኛ ዘንድ የቀረው ቄስና በግ ነው።»

«ለሚ ላይ የተለቀሰው ለበግ ነው?»

አንዷ ተቀባይ ሳቋ አምልጧት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ቦሰና አልሳቀችም።

«የለሚዎቹ ወጣት ሰው አምጪልን አሉ።»

«ለሚ የናቴ አገር ነው። ሟቹን አውቀዋለሁ፤ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው። ደግሞስ የደነባው ልጅ ጋሻ መያዝ መች ያውቃል? እኔ ሳለሁ እሱን ይሰዱ? ምን አጎደልኩ? ቀርቼ አውቃለሁ? ሰክሬ ቆሜ አውቃለሁ? ዝናብ መጣ ብዬ ከለቅሶ መሐል ወጥቼ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ሰውን ማስለቀስ እንጂ ማስከፋት ሥራዋ አልነበረምና ቃሉ ከበዳት። «ፊትህ ተለመደ» አለችው በመጨረሻ።

«ምን ሆነ?»

«ተለመደ። ብርሃነሽን ታስታውሳታለህ አይደል፣ የባሻ ደምመላሽን ሚስት? ካቻምና የባሏ ለቅሶ ላይ ቆመህ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንጎለላ ለዘመዷ ለቅሶ መጣች። አንተን ስታይ ምን አለች?»

ምን እንዳለች ወልደአረጋይ በደንብ ያስታውሳል። «ደምመላሽ» ብላ ጮኻ ወገቡ ላይ ተጠመጠመች። ወገኖቿ ተከትለዋት ጮኹ። ያ ሁሉ አልቃሽ ወደሷ ዞረ። ሰላ ድንጋይ ላይም ይኸው ተደገመ። ወልደአረጋይ ይህን ጠላ ቤት እያነሣ ይኩራራበት ነበር፤ «ሚስት እንኳ ከባሏ አልለየችኝም» እያለ።

«የአንጎለላ ሰዎች በገዛ ለቅሷቸው እንደ እንግዳ ተቀምጠው የደምመላሽን ለቅሶ አለቀሱ» አለች ቦሰና። «የሟቹ እናት ልጇ ሳይለቀስለት መሸባት። እኔን ነው የረገሙኝ። ከዚያ ወዲህ የሚልክብኝ ሁሉ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ‹ደምመላሽን አታምጪብን› ነው የሚለኝ። ስምህንም ረስተውታል።»

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

የጥጡ ደጋን እንኳ ቆመ።

«አንቺ አልከኝ?»

ወልደአረጋይ አፉን ያዘ፤ ይቅርታ ግን አላለም። «ከመስቀል ጀምሮ ልብስ ከመስቀያ እንደሚሰቀል ቤቴ ተሰቅያለሁ። ነገ ዛሬ እያሉ። አንዲት ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ ምን ልታደርግ? ፊትህን ቆርጠህ ልታመጣልኝ?»

«ባላምባራስ ዘርአ ዳዊትስ?» አለ። የመጣበት ነገር ይህ ነው። ባላምባራስ በዚያ ወገን የቀረ የመጨረሻው ትልቅ ቤት ነው፤ በዘመቻ ሞተው መርዶው ለዘመድ ደርሷል፤ ለቅሶው እሑድ ደብረ ብርሃን ላይ ሊቆም ተቀጥሯል። አገር ሁሉ በሚሰበሰብበት በዚያ ሜዳ አበባው ከቆመ የወልደአረጋይ ነገር አበቃ። የሚቀረው ጓዙን አሥሮ እንጦጦ መውጣት፣ መርፌ መያዝ ያስተማራቸውን ሰዎች ሥራ ስጡኝ ብሎ መለመን ነው።

«ለአበባው ሰጥቼዋለሁ። ፈረስ የሚስብልኝ ግን የለኝም። ራስህን ተከናንበህ ፈረሱን ሳብልኝ። ፈረስ ሳቢ ፊት የለውም፤ ማንም አያየውም።»

«ፈረስ ልሳብ? እኔ?»

«ወይ ብርሃነሽን አስቀርልኝ፤ ባላምባራስ ዘመዷ ናቸው። እሷ እሑድ እንዳትመጣ ካደረግህ አበባውን እመልሰዋለሁ።»

«ከሠርግ ይቀራል፤ ከለቅሶ ማን ይቀራል?»

«እንግዲያው ፈረሱን ሳብ» አለችና ተልባዋን አነሣች።

ሚስቱ ወለተሐና ነገሩን ስትሰማ «ምን ቸገረን፣ እንጦጦ እንሂድ፤ ስፌት ስፌት ነው» አለችው። «አንቺ ሂጂ» አላት፤ ውሎ አድሮ ያፈረበት መልስ ነው። በማግስቱ ጠዋት ድጉን ጠበቅ አድርጎ ታጥቆ፣ በትሩን ይዞ፣ በጣርማ በር መንገድ ወደ ብርሃነሽ ቤት ወረደ። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያሰላስል ነበር። እሜቴ፣ ባልዎ ሞተዋል፤ እኔ አልሞትኩም። እሜቴ፣ የርስዎ ኀዘን እንጀራዬን በላው። እያንዳንዱ ቃል ከፊተኛው የከፋ ነበር።

ብርሃነሽ ከደጇ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። በጎቿ ከአጥሩ ሥር ተኮልኩለዋል። ሲመጣ አየችው፤ አልተነሣችም። ዓይኗ ፊቱ ላይ ሳይደርስ ወገቡ ላይ ቀረ። እንዝርቱ በጇ ላይ ቆመ።

«ደህና አደሩ፣ እሜቴ። ወልደአረጋይ ነኝ።»

«አውቅሃለሁ።»

«ካወቁኝ ለምን ደምመላሽ ይሉኛል?»

«መቼ አልኩህ?»

«አንጎለላ ላይ። ሰላ ድንጋይ ላይ። ሰው በተሰበሰበበት ላዬ ላይ ወድቀው። በርስዎ ጩኸት ሥራ አጥቼ ተቀምጫለሁ። የሰው ሁሉ ሟች የርስዎ ባል ነው እንዴ?»

«አንተን ደምመላሽ አላልኩህም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ቁጣዋ ግን ከሱ አያንስም። «ድጉን ነው።»

«ምኑን?»

«የታጠቅኸውን። ጫፉን አንሣው። ዘርፉ መሐል ሰማያዊ ክር አለ።»

ወልደአረጋይ ማየት አላስፈለገውም። ሰማያዊ ክሩን ያውቀዋል። ድጉ እጁ ከገባ ጀምሮ አይቶታል፤ የሸማኔ ስሕተት መስሎት ‹አንድ ቀን እመዘዋለሁ› እያለ ትቶት ነበር።

«ከማተቤ የመዘዝኩት ነው» አለች ብርሃነሽ። «ደምመላሽ ሲዘምት አሮጌውን ታጥቆ ሄደ። እስኪመለስ ይህን ፈተልኩለት። ጥጡን ራሴ ባዘትኩት፤ ሸማኔው ቤት ተቀምጬ አሠራሁት፤ ክሩን ዘርፉ ላይ ቋጠርኩት። አልታጠቀውም። አንድ ቀን እንኳ አልታጠቀውም። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ አንተ ታጥቀኸው በየሜዳው ትቆማለህ። ዛሬ የአንጎለላ ሰው፣ ነገ የሰላ ድንጋይ ሰው እየሆንክ። ሌባ።»

«ሌባ አይደለሁም።» ወልደአረጋይ በትሩን መሬት ላይ ተከለ። «ገብረ ጻድቅ ነው የሰጠኝ፤ የባልዎ ወንድም። ለቅሶው ሲያበቃ የድካምህ ዋጋ ብሎ በገዛ እጁ ነው ያቀበለኝ። ከሰረቅሁት ይኸው እጄ።»

ብርሃነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው። «ገብረ ጻድቅ ለነፍስ አባቱ ሰጠሁት ነው ያለኝ።»

«ነፍስ አባት ድግ ታጥቆ ጎራዴ ያንጠለጥላል?»

«የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል አልሰማህም?»

«ወርቅ መሆኑን ማን ነገረኝ? ድግ ነው ብለው ሰጡኝ።»

ይህን ይበል እንጂ ንዴቱ ከሷ ላይ እየወረደ ነበር፤ ወርዶ ግን የሚያርፍበት ሌላ ቦታ አላገኘም፤ ወደ ራሱ ተመለሰ። ልብስ ሰፊ ነው። እሱም በሰፋው ለምድ ሁሉ እጥፋቱ ሥር አንድ መርፌ ያሣልፋል፣ ከብዙ ለምድ መካከል የጁን ሥራ የሚለይበት። ያን ሰማያዊ ክር አይቶ ‹የማን እጅ ነው› ብሎ አለመጠየቁ! አሁን ትዝ አለው ደግሞ። አልቃሽ የሚጠመጠመው አንገት ላይ ነው። እሷ የያዘችው ወገቡን ነበር። ለካ ጠላ ቤት የተኩራራበትን ፊት ማንም አላየውም ነበር።

«ይያዙልኝ» አላት፤ የድጉን ጫፍ አውጥቶ ሰጣት።

ድግ ብቻውን ሰው አይፈታውም፤ አንዱ ጫፉን ይዞ ይቆማል፣ ባለ ድጉ ይዞራል። ብርሃነሽ ተነሥታ ያዘች። ወልደአረጋይ ጥርሱን ነክሶ ዞረ፤ እንደገና ዞረ፤ በየዙሩ በጎቹን፣ አጥሩን፣ የሷን ፊት፣ እንደገና በጎቹን እያየ። ጨርቁ አለቀና በመካከላቸው ተዘረጋ። ሱሪው በድጉ ጥብቀት ነበርና የቆየው ወረድ አለ፤ በእጁ ለቀም አደረገው።

ብርሃነሽ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ተቆጣጠረችው። የበግ ገመድ ከአጥሩ ፈታ ወረወረችለት። «እሰርበት። ለዚህ አላለቅስም።»

«አንድ ነገር ልለምንዎ። ቦሰና ዘንድ ሄደው ነገሩን ይንገሯት። ጥፋቱ የፊቴ መስሏታል።»

«ሙሾ አውራጅ ደጅ ሄጄ ላንተ ጠበቃ ልቁም?» ድጉን በክንዷ ላይ ትጠቀልል ነበር፤ ቀና አላለችም። «ባላምባራስ ዘመዴ ናቸው፤ እሑድ እመጣለሁ። ማየት የፈለገ ያየኛል።»

ወልደአረጋይ በበግ ገመድ ታጥቆ ዳገቱን ተመለሰ። በቀጥታ ቦሰና ቤት ገባ። ተቀባዮቿ ገመዱን አይተው ምን እንደሚሉ ሳይጨነቅ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈው፤ ድጉን፣ ሰማያዊውን ክር፣ የገብረ ጻድቅን ውሸት።

ቦሰና አዳመጠችው። «ምናልባት እውነት ይሆናል» አለች።

«እውነት ነው።»

«እኔን እውነት መሆኑ አያበላኝም። እሷ ከጮኸች የባላምባራስ ቤት ምን ይለኛል? ክር ነበረ ልበላቸው?»

«አትጮህም።»

«እንዲህ እናድርግ። ትቆማለህ። አበባው ፈረሱን ይስባል። ብርሃነሽ ከጮኸች ግን እዚያው፣ ሰው እያየ፣ ለምዱንም ጎፈሩንም አውልቀህ ለአበባው ታለብሰዋለህ። በገዛ እጅህ። ከዚያ በኋላ ደጄን አትርገጥ።»

ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ጥጣቸው አዞሩ። ይህን ያህል ዘመን የቆመላትን ሰው እንደ ወይፈን ልትፈትነው ነው። «ይሁን» አለ።

«ምንስ ትታጠቃለህ? የባላምባራስ ድግ አብሯቸው ተቀብሯል።»

«እሱን ለኔ ይተዉት።»

አልዩ አምባ ገበያ በሚውልበት ዕለት ቆላውን ወረደ። ነጋዴዎቹ ከሐረር የመጣ ጨርቅ ዘርግተዋል። ወልደአረጋይ የአገር ሸማ የተደረደረበትን አልፎ አቡጀዲ ያለበት ላይ ቆመ፤ ያን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነጭ ጨርቅ፣ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሸውን።

«ይህን ማን ፈተለው?» አለ።

ነጋዴው ሳቀ። «ወላሂ፣ የፈተለውን አላህ ይወቀው። ፈረንጅ አገር ነው የተሠራው። የሰው እጅም የነካው አይመስለኝ።»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ጨርቁን ድርቀቱ እስኪለቅ አጥቦ፣ በቁመቱ ቀዶ፣ አጋጥሞ ሰፋው። አዲስ ድግ ወገብ ላይ ይንሸራተታልና ውስጡን አሮጌ የሱፍ ባና ደረበበት። ወለተሐና ጫፉን ይዛለት ሲታጠቅ «የማንም አይመስልም» አለችው። ሳያስበው «ደግ አደረገ» አላት፤ በሰሞኑ ያላት የመጀመሪያ ደህና ቃል ይህ ነበር።

እሑድ ደብረ ብርሃን ሜዳው ላይ ነፋሱ የሚቆርጥ ነው። ባላምባራስ ዘርአ ዳዊት በሕይወት ሳሉ አጭር ግን ደንዳና ሰው ነበሩ፤ ወልደአረጋይ ለምዱን ትከሻው ላይ ለቆ፣ ጉልበቱን ጥቂት ሰበር አድርጎ፣ ጦሩን በግራ እጁ ይዞ ቆመ። ጎፈሩ ግንባሩ ላይ ይበላዋል። አበባው ራሱን ተከናንቦ ከጀርባው ፈረሱን ይዟል፤ በየጊዜው ለምዱን ያያል፣ የራሱን ልብስ አስቀምጥልኝ ብሎ ለሰው የሰጠ ይመስል።

ቦሰና በክቡ ዙሪያ እየተራመደች አወረደች፤

ከፈረሱ አልወርድም ብሎ ሲያስቸግር፣
ማን አወረደብኝ ባልዘራበት አገር።

ተቀባዮቹ «ዋይ» አሉ። የባላምባራስ ሚስት ደረቷን መታች። ለቅሶው ገና መጋም ሲጀምር በምሥራቅ በኩል አዲስ አልቃሾች መጡ፤ ከፊት ብርሃነሽ።

ሰው ሁሉ አያት። ከዚያ እሱን አየ። ቦሰና ሙሾዋን አላቋረጠችም፤ ድምፅዋ ግን ቀነሰ። ወልደአረጋይ ዓይኑን ከአድማሱ አላነሣም፤ ባላምባራስ ሰው የማያዩ ሰው ነበሩ ብለውታል። በዓይኑ ጠርዝ ግን ስትመጣ ያያታል። ድጉን ታጥቃዋለች። እንደ አልቃሽ ሴት ወገቧን በሱ አሥራ፣ ዘርፉ ጉልበቷ ላይ ይወዛወዛል።

ከፊቱ ቆመች። ወገቡን አየች። አቡጀዲው ነጭ፣ ባዶ፣ ምንም የማይል ነበር። አልፋው ሄደች፤ የቤቱ ምሰሶ እንደሚታለፍ። ሄዳ የባላምባራስ ሚስት ጉልበት ላይ ወደቀች። «ወንድሜ ባላምባራስ» አለች፤ ወገኖቿም «ባላምባራስ» አሉ። ሜዳው በሙሉ ያንን ስም ተቀበለ። የቦሰና ድምፅ እንደገና ከፍ አለ፤ ባሏን ያጣችው ሴት ተነሥታ መጣችና የወልደአረጋይን አንገት አቅፋ አለቀሰች፣ የባሏን ስም በጆሮው እየጠራች፣ ጎፈሩ እስኪርስ።

ወልደአረጋይ እንደ ግንድ ቆመ። የለመነው ይህንኑ ነው፤ ሆነለት። ሆኖም ያቺ ሴት እንደዚያ ማለፏ እስከ መጨረሻው አቃጠለው። ሁለት ጊዜ ወገቡ ላይ ተጠምጥማ ሳለች ከሷ ጋር አብሮ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር። ያ ለቅሶ ለሱ እንዳልነበረ ያኔ ማን ነገረው? ማንም። ለካ ለድጉ ኖሯል።

ሲመሽ፣ ለቅሶው ሲበተን፣ የባላምባራስ አጎት የታጠፈ ኩታ ይዘው መጡ። ጥለቱ ሰፊ፣ ገና ሁለቴ ያልታጠበ ኩታ ነው። «አጀብ ያሰኘህ ሰው ነህ» አሉት። «የድካምህ ዋጋ ነው።»

ወልደአረጋይ እጁን አልዘረጋም። «ማን ነው የፈተለው?»

«የፈተለው? ሚስታቸው ትሆናለች። ምን አገባህ?»

«ለሷ ይመለስ። እኔ ገብስ እወስዳለሁ።»

ቦሰና ዘወር ብላ አየችው። የሷም ድርሻ ከለቅሶ ቤት የሚመጣ ልብስ ነው፤ እንጦጦ ላይ በጥሩ ዋጋ ይሸጣል። ጎኑን በክርኗ ነካችው። «የባላምባራስን ኩታ እምቢ? ገበያዬን ልታበላሽ ነው?»

«ይበላሽ። ባለቤት ያለው ልብስ ቤቴ አይገባም። ገብስ ከሌለ አተር ይስጡኝ። ከዛሬ ወዲያ ስትመድቢኝ ይህንን ንገሪያቸው፤ ለቋሚው ልብስ አይሰጥም፣ በይ።»

«አለዚያ?»

«አለዚያ አበባውን ላኪ።»

ቦሰና ወደ አበባው ተመለከተች። አበባው ከተነሣው ድንኳን አጠገብ የባላምባራስን ጋሻ ወደ ቤት ሊያስገባ ተቀብሎ፣ በሁለት እጁ ይዞት ቆሟል። አንቺ ብሎ እንደጠራት አውቃለች፤ አሣለፈችለት። ለባላምባራስ አጎት «ገብስ ይስጡት፣ ጌታዬ» አለቻቸው። «ሰውየው ግትር ነው፤ ግን ይቆማል።»

ገብሱ ተሰፍሮ አቁማዳ ውስጥ ገባ። ወልደአረጋይ ለምዱን በስፌቱ በኩል አጥፎ ለቤቱ አስረከበ፤ አቁማዳውን ትከሻው ላይ ጣለ። መንገድ ሲጀምር በአበባው አጠገብ አለፈ። እንዲሁ ማለፍ ግን አላስቻለውምና ቆመ፤ ንዴቱ ገና አልበረደም ነበር።

«አንተ የደነባ ልጅ» አለው። «ያ ሰፌድ አይደለም። ክንድህን በማንገቻው አሣልፍ፤ እንዲህ፣ ክርንህ ከጎንህ ይጠጋ። ያየህ ሰው ገብስ ልታበጥር የመጣህ ይመስለዋል።»